ሦስቴ ጠይቆ የሚጽፈው ጋሽ ለገሰ

የጋሽ ለገሰን ሞት ሦስት ጊዜ ሰማሁ፤ ሦስቱም አልገጠሙልኝም። መጀመሪያ የነገረኝ ከድሬዳዋ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አረፈ አለኝ። ሁለተኛው ሾፌር፣ የለም፣ እህቱ ቤት ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ነው የቀረው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ሊምልልኝ ደረሰ። ጋሽ ለገሰ ራሱ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ወሬ ደብተሩ ላይ አያሰፍረውም ነበር። ሦስቴ ጠይቆ ሦስቴ አንድ ዓይነት መልስ ካላገኘ እርሳሱን አያነሳም። እኔም ግራ ገብቶኝ፣ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ ሳላውቅ፣ ሳምንት ሙሉ እንደ ወትሮዬ ስሠራ ሰነበትኩ።

ቁርጡን ያወቅሁት አራተኛው ሾፌር ባመጣልኝ ዕቃ ነው። እህቱ በፌስታል ጠቅልላ የላከችው ነው፤ ውስጡ የጋሽ ለገሰ ደብተርና አዳፕተሩ ነበሩ። አዳፕተሩን በሕይወት እያለ ለማንም እንደማይሰጥ ስለማውቅ፣ ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አብረን የሠራነው እዚሁ ጅቡቲ፣ ወደ አምቡሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ ነው። የምንጠግነው ፓወር ሳፕላይ ነው፤ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒውተር፣ ለስልክ ማማ፣ ለካሜራ በሚስማማ መጠን የሚያቀብለውን ሣጥን። ድሮ እነዚህ ሣጥኖች ዲዳ ነበሩ፤ ሲበላሹ ከፍተህ፣ አሽትተህ፣ የተቃጠለውን ፈልገህ ነው። የአሁኖቹ ግን ይናገራሉ። ፒኤምባስ በሚሉት መግባቢያ፣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ስንት ቮልት እንደሚሰጡ፣ ምን ያህል እንደሞቁ፣ ማራገቢያቸው በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ምን ሆነው እንደጠፉ ለጠየቃቸው ይመልሳሉ። አዳፕተሩ ባንድ በኩል ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ በሌላው በኩል ባለቀለም ሽቦዎች የወጡለት፣ የክብሪት ሣጥን የሚያክል ዕቃ ነው። ላፕቶፑ ላይ ባለው ፕሮግራም ትጠይቃለህ፣ አዳፕተሩ ያደርሳል፣ ሣጥኑ ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው።

ጋሽ ለገሰ ስልሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በስልክ ገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የድሬዳዋ ሰው ነበር። ፈረንሳይኛውን ባቡር ላይ ሲሠራ፣ ሶማልኛውን ከሰፈሩ ነው ያገኘው። «እርስዎ» ስለው ይቆጣል፤ ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው አላሳደገኝም ይል ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ በኮምፒውተር ዲፕሎማ የመጣሁ፣ ሠላሳ ዓመቴን የደፈንኩ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ «ኢንጂነር» ብሎ ሰየመኝ። ሲያሞግሰኝ ይሁን ሲያላግጥብኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በብዕር አይጽፍም፤ በዚህ አገር ሙቀት የእጅ ላብ ቀለም ያበላሻል ብሎ ሁልጊዜ እርሳስ ነው። ደብተሩ የተማሪ ደብተር ነው፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። አንድ ሣጥን ሲመጣ መጀመሪያ ያነበዋል፣ ያነበበውን ይጽፋል፣ ደግሞ ያነበዋል፣ ይጽፋል፣ ሦስተኛም እንደዚሁ። ሦስቱ መስመሮች እኩል ሲሆኑ ብቻ ካቻቢቴውን ያነሳል። ከሰዓት ጫቱ ገብቶ ከተማው ሁሉ ሲረግብ፣ እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ቁጥር ሲገለብጥ ታገኘዋለህ። ቤታችን ውስጥ አንድ የተከለከለ ቃል ነበር፤ «መስሎኝ»። «ማራገቢያው የተበላሸ መስሎኝ» ያልኩት እንደሆነ፣ መነጽሩን ዝቅ ያደርግና «መስሎኝ ስንት ቮልት ነው?» ይለኛል።

ገና እንደ ጀመርኩ ሁለት ሣጥኖች ባንድ መስመር አገናኝቼ ስጠይቅ የማይጨበጥ ቁጥር ይመጣብኝ ጀመር። አንዴ በረዶ ነኝ ይላል፣ አንዴ እሳት። ግማሽ ቀን ሙሉ አዳፕተሩን ስሰድብ ዋልኩ። ጋሽ ለገሰ ሻዩን ጨርሶ መጣና የሁለቱን መጠሪያ ቁጥር አየ፤ ለካ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጥቻቸው ኖሯል። ስትጠራ ሁለቱም ባንዴ አቤት ይላሉ። «ሁለት ሰው ባንድ አፍ ሲያወራ ምኑን ትጽፋለህ? አንዱን ዝም አሰኝና ሌላውን ስማ» አለኝ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኔ ግን በኋላ ሕይወቴ ላይ ሲመጣብኝ ረሳሁት።

ስድስት ዓመት ገደማ ሆነው። ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከተማውን አቧራ ባለበሰበት ሰሞን፣ ወደብ አጠገብ ካለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ጠሩን። የኮምፒውተር ቁምሣጥናቸው ጠፍቷል፤ ወረቀት ማውጣት አልቻሉም፣ የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ስንደርስ ወለሉ ውሃ ነው። ከቁምሣጥኑ ሥር የተደፋ ባልዲ አለ፣ ግድግዳ ተደግፋ ደግሞ አንዲት የአገራችን ሴት ቆማለች። ወይንሸት ትባላለች። የቢሮው ኃላፊ ቤት ተቀጥራ የምትኖር የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሰውየው በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ቢሮውንም እንድታጸዳ ይዟት ይመጣል። ፓስፖርቷ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የምትተኛው እሱ ቤት ነው።

ኃላፊው ለጋሽ ለገሰ በፈረንሳይኛ እየተቆጣ አስረዳው። ውሃ አፍስሳበት ነው፤ ይህን ጽፈህ ፈርምልኝ፣ እሷን ዛሬውኑ ወደ ደወሌ ድንበር እሸኛታለሁ አለ። ወይንሸት ፈረንሳይኛ ባታውቅም ደወሌ የምትለዋ ገብታታለች። የምትሸኘው በጋሽ ለገሰ ወረቀት ነው፤ የምትቀረውም በዚያው።

ጋሽ ለገሰ «ሰካካውና ጠብቀኝ። ምንም እንዳትነካ» አለኝና እሷን በአማርኛ ሊጠይቅ በረንዳው ላይ ወሰዳት። እኔ አዳፕተሩን ቁምሣጥኑ ውስጥ ባለው ፓወር ሳፕላይ ላይ ሰካሁ። እሱ ሁልጊዜ የሚጠቀመው ጥቁር መስኮት ነው፤ ቁጥር በቁጥር እየጻፉ የሚጠይቁበት። እኔ ግን የምወደው ባለቀለሙን ፕሮግራም ስለነበር እሱን ከፈትኩ። ፊቱ በሙሉ ቀይ በቀይ። ኃላፊው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ምን አለ፣ ምን አለ ይለኛል። የሚችል ሰው ለመምሰል ቸኮልኩ። ፕሮግራሙ ላይ ስህተቶችን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ እሱን ስትጫን ቀዩ አረንጓዴ ይሆንና ሣጥኑ ይነሳል፣ ደንበኛም ይደሰታል። ተጫንኩት። ቀዩ ጠፋ። ሣጥኑ ቋ አለና ዝም አለ፤ አልተነሳም። ቁጥሩ ሁሉ ዜሮ ሆነ። ለምን እንደጠፋ የሚናገረውን ሳላነብ አጠፋሁት ማለት ነው።

ጋሽ ለገሰ ሲመለስ ገና ፊቴን አይቶ አወቀ።

«አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩም፣ ጋሼ። ሁሉም ቀይ ነበር። ሽቦው ተነካክቶ ሾርት የሆነ መስሎኝ…»

«መስሎኝ ስንት ቮልት ነው?» አለ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። ሾርት ማለት ውሃ ማለት ነበር፤ ውሃ ማለት ደግሞ ወይንሸት። ግድግዳውን ተደግፋ እኔን ታየኛለች፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳታውቅ። አፈርኩ። አሁንም ሲነሳብኝ አፍራለሁ።

ሣጥኑን ነቅሎ አቀፈና ለኃላፊው ነገ ጠዋት ወረቀት ታገኛለህ አለው። ከሰዓት በኋላ የጥገና ቤቱን የውስጥ ክፍል ዘግቶ ብቻውን ቆየ። በማግስቱ ያቀረበው ወረቀት ሦስት መስመር ነበር፤ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሙቀቱ ከልክ አልፏል፣ ስለዚህ ሣጥኑ ራሱን አጥፍቷል። ኃላፊው አጉረመረመ፤ ግን ፊርማ ፊርማ ነው። አዲስ ሣጥን ገዙ፣ ወይንሸትም ቀረች።

እኔ ደግሞ ግራ ተጋባሁ። ማስታወሻውን በገዛ ጣቴ አጥፍቼዋለሁ፣ ታዲያ ከየት አነበበው? ማራገቢያውንስ ቢሮው ውስጥ በጣቴ ሳዞረው ያለ ችግር ዞሮልኝ አልነበር? ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ የደረስኩበት አንድ መልስ ብቻ ሆነ። ጋሽ ለገሰ ዋሽቷል። ለአንዲት ምስኪን ሴት ብሎ፣ የኔንም ጥፋት ለመሸፈን ብሎ፣ ማሽኑ ያላለውን አለ ብሎ ጽፏል። በዚህ ወደድኩት። በዚያው ልክ ደግሞ አንድ ነገር ከውስጤ ተነቀለብኝ። «መስሎኝ»ን እንኳ የማያስገባ ሰው ይህን ካደረገ፣ እኔ ምኑን ልያዝ?

ወይንሸት ከሁለት ዓመት በኋላ ፓስፖርቷን ተቀብላ ወጣችና ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያው ጥግ ላይ ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ሳንዘጋ ሚኒባስ ተሳፍራ ትመጣለች፣ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ሳምቡሳ ጋሽ ለገሰ ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች። እሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚላት። «እኔ ምንም አላደረግሁልሽም፣ ወይንዬ። ማሽኑ ነው የተናገረው።» እሷ ትስቃለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔም የውስጥ አዋቂ ነኝና ከእሷ ጋር እንተያያለን፣ ፈገግ እላለሁ። ጋሽ ለገሰ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያይና ሳምቡሳውን ቀስ ብሎ ያኝካል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ትሕትና ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

አንድ ጊዜ ብቻ በዚህ ነገር ተጣላን። አንድ ደንበኛ ሲቸኩልብኝ ሣጥኑን ሳልጠይቅ በግምት ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ጋሽ ለገሰ ደረሰበትና በሰው ፊት ተቆጣኝ። እኔም አላስቻለኝም።

«የወይንሸት ወረቀትስ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «የወይንሸትን ማሽኑ ነው የተናገረው። ካላመንክ ጠይቀው» አለኝ። ያጠፋሁትን እያወቀ ጠይቀው ማለቱን እንደ ምጸት ቆጠርኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ እኔም ገመናው ስለተነካበት ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ደረቱን እያመመው ሲሄድ፣ ድሬዳዋ ደርሼ እመጣለሁ ብሎኝ ነው የሄደው፤ አልተመለሰም።

ዕቃው በደረሰኝ ማግስት ወይንሸት መጣች። ሳምቡሳ አልያዘችም። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ከእኔ ፊት ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አለች። «ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ሲጠይቀኝ ነግሬዋለሁ። ባልዲው ከእጄ አመለጠኝ፣ መብራቶቹም ድርግም አሉ። እሱ ግን ለኔ ብሎ ዋሸ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ በኔ ምክንያት ነው የዋሸው ብዬ ልናገር፣ ነፍሱ በኔ ዳፋ እንዳትጨነቅ። አንተ አብረኸው ነበርክ። ዋሽቶልኝ ነው፣ አይደል?»

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያመንኩት ነገር ነው፤ እሷም ይኸው በአፏ አረጋገጠችልኝ። ግን ምላሴ ላይ የመጣው ቃል «መስሎኝ» ሆነ። እዚያው ቆመብኝ። እስከ ሐሙስ ጠብቂኝ አልኳት።

ስትሄድ የጋሽ ለገሰን ደብተር ገለጥኩ። የዚያን ቀን ገጽ ለማግኘት ብዙ አልፈለግሁም፤ ጥጉ ታጥፎ ነበር። ሦስት እኩል መስመሮች፣ በእርሳስ። ከሥራቸው ደግሞ ትንሽ ጽሑፍ፦ «ኢንጂነር ያጠፋው የፊቱን ነው። ሣጥኑ ለራሱ ያስቀመጠው ሌላ አለ፤ በዚህ ቁጥር ይጠየቃል። ያ ቁልፍ አያጠፋውም።» ቁጥሩም ተጽፏል። ራሴን ያዝኩ። የጻፈውስ ልሸፍናት ብሎ ቢሆን? ደብተር ምን ይዋሻል እንዳልል፣ የያዘው እጅ ነው የሚዋሸው።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ስድስት ዓመት አናቴ ላይ ተቀምጦ ከፍቼው አላውቅም። አወረድኩት። ውስጡ ያ ሣጥን ነው፣ ላዩ ላይ በእርሳስ «የወይንሸት። አትጣሉት» ይላል። እንዲህ ያለ ሣጥን የሞተ ቢሆን እንኳ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከውጭ ከሰጠኸው ያስቀመጠውን ያነብልሃል። የጋሽ ለገሰን አዳፕተር ሰካሁ። ባለቀለሙን ፕሮግራም ተውኩና ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ቁጥሩን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

መለሰ። ሣጥኑ በጠፋበት ሰዓት ማራገቢያ ዜሮ። ሙቀት ከልክ በላይ። አምፒሩ ግን እንደ ወትሮው፤ ሾርት ቢሆን ኖሮ ዘሎ ይታይ ነበር። ደግሜ ጠየቅሁ፣ ያው። ሦስተኛ ጠየቅሁ፣ ያው። ለማራገቢያው ኤሌክትሪክ ሰጠሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። በጣቴ ሳዞረው ይዞራል፣ በኤሌክትሪክ አይዞርም። ይህን ለመለየት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ጋሽ ለገሰ አልዋሸም። በረንዳው ላይ አፍስሻለሁ ያለችውን ሰምቷል፣ ማሽኑ ያለውንም ሰምቷል፤ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ማሽኑ ያለውን ነው። ውሃው ፈሷል፣ ሣጥኑም ጠፍቷል፤ ሁለቱ ባንድ ደቂቃ ተገጣጥመው ይሆናል፣ ወይም የሣጥኑ ጩኸት አስደንግጧት ይሆናል ባልዲው ያመለጣት። አላውቅም። የማውቀው፣ ዓመታት ሙሉ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ቆመን ያልዋሸውን ውሸት ስናመሰግንለት መኖራችንን ነው። ጠይቀው ያለኝም ምጸት አልነበረም፤ ጠይቀው ማለቱ ነው። ለምን አፍ አውጥቶ አንተ ደደብ፣ ማስታወሻው አለ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ነው እንዳላለኝ አይገባኝም። ቃሌን ማመን የእሱ ድርሻ ነው ብሎ ይሆናል። ወይም በቁጣ ትቶኝ ይሆናል። ይህንንም ደብተሩ አይነግረኝም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ካርቲየ 4 ሄድኩ። ወይንሸት ዘይቱ ፊት ተቀምጣ ሳምቡሳ እያወጣች ነበር። አጠገቧ ዝቅ ብዬ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ቁጥሩን፣ ማራገቢያውን። ሣጥኑ የጠፋው ባንቺ ውሃ አይደለም፣ እሱም ላንቺ ብሎ አልዋሸም፣ ለነፍሱ አትስጊ አልኳት። መጀመሪያ ጩኸቱን ሰማሽ ወይስ መጀመሪያ ባልዲው ወደቀ ብዬም ጠየቅኋት። አሰበች፤ ባንድ ላይ ነው፣ አላውቅም አለች።

ማንኪያዋን አስቀመጠችና ፊቴን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ዓመታት አብሬያት ፈገግ ብያለሁ።

«ማሽኑ ነው የተናገረው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ወይንዬ። በእውነት እኮ ነው፤ እምልልሻለሁ።»

«አትማል። እሱም አልማለልኝም» አለች፤ አራት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ተባረክ። አንተም እንደ እሱ ሆንክልኝ።»

ደግሜ ነገርኳት። ሦስተኛም ነገርኳት። ሳትሰለች ሰማችኝ፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ መጣና ወደ ዘይቷ ተመለሰች።

ጥገና ቤት ስደርስ ሳምቡሳውን ጋሽ ለገሰ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጬ በላሁ፤ ቀስ ብዬ አኘክሁት፣ እንደ እሱ። ለካ ያ ፊቱ ላይ የነበረው ትሕትና አልነበረም። ከዚያ እርሳሱን ቀረጽኩና ከሦስቱ መስመሮቹ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወይንሸት። ሦስቴ ነገርኳት። ሦስቴም አላመነችኝም።»